የሞዴል ሮኬት ትምህርትና የጋይንት ደጋ፦ ቅለትን ከጥንካሬ የማስማማት ጥያቄ

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን፣ ሁለተኛዋን ደግሞ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ከዌንቻንግ አምጥቃለች። የመጀመሪያዋ ሳተላይት መረጃ መቀበያ ጣቢያ የተተከለው በእንጦጦ ነው፤ ማምጠቂያው ግን የሌላ አገር ነው። ይህን ክፍተት የሚያጠብበው ዕውቀት በአንድ ጀንበር አይገኝም። በልዩ ልዩ አገሮች ተማሪዎች ሙያውን የሚለማመዱበት አንዱ መንገድ የሞዴል ሮኬት ነው።

በአሜሪካ የሞዴል ሮኬት ማኅበራት ደንብ መሠረት፣ የሞተሩ ጠቅላላ ግፊት ከ160 ኒውተን ሰከንድ ያለፈ ሮኬት «ከፍተኛ ኃይል» ተብሎ ይመደባል። አስወንጫፊው የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነም ማስወንጨፍ ክልክል ነው።

ይህ አሠራር በደቡብ ጎንደር ደጋ ቢታሰብ የተለየ ስሌት ይጠይቃል። ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የአየር ግጭት ስለሚቀንስ ሮኬቱ ወደ ላይ ሲወጣ ይጠቀማል። ሲወርድ ግን ያው ፓራሹት በ16 በመቶ ያህል ፈጥኖ ያወርደዋል፤ መሬት ሲነካ የሚያርፍበት ኃይልም በሲሶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ የፓራሹቱ ስፋት በዚያው መጠን ማደግ አለበት።

ነፋሱም ሌላ ፈተና ነው። ከ900 ሜትር ከፍታ በሰከንድ 6 ሜትር የሚወርድ ሮኬት አየር ላይ 150 ሰከንድ ይቆያል። በሰከንድ 8 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ፣ በደንቡ የተፈቀደ ቢሆንም፣ 1,200 ሜትር ይወስደዋል። እርሻ፣ መንደርና ገደል በተጎራበቱበት አገር ይህ ቀላል ርቀት አይደለም። መፍትሔው በሁለት ደረጃ ማውረድ ነው፦ በመጀመሪያ ትንሽ ፓራሹት በሰከንድ 20 ሜትር፣ ከ150 ሜትር በታች ደግሞ ትልቁ። ያን ጊዜ የሚንሳፈፈው ርቀት ወደ 500 ሜትር ይወርዳል።

በመሆኑም ጥንካሬ የሚመጣው አካሉን ሁሉ በማወፈር አይደለም። ክንፎቹ ከቱቦው የሚጋጠሙበትና የፓራሹቱ ገመድ የሚታሰርበት ቦታ በፋይበርግላስ ይጠናከራል፤ ሌላው ከስስ ኮምፔርሳቶና ከቀላል ቱቦ ይሠራል። የክብደት ማዕከሉም የአየር ግፊት ማዕከሉን ቢያንስ በአንድ የቱቦ ስፋት መቅደም አለበት።

ነዳጅን በቤት ውስጥ መቀመም ግን ሕይወት የሚያስከፍል ስሕተት ነው። ወጣቶች አካልን፣ ፓራሹትንና ስሌትን በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ መለማመድ ይችላሉ፤ ማስወንጨፍ የሚገባው የአየር ክልሉን የሚቆጣጠረው አካል ሲፈቅድና ባለሙያ ሲገኝ ብቻ ነው።