የልብ ሕመም ቀጠሮ አይሰጥም

በጎንደር ከተማም ሆነ በደጋው በዳባትና በደባርቅ፣ ደረቷን የጨነቃት እናት ብዙውን ጊዜ «ጨጓራዬ ነው» ወይም «ምች መትቶኝ ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ትጠጣለች፤ ሥራዋንም ትቀጥላለች። ሕመሙ የልብ ከሆነ ግን መዘግየቱ ለብርቱ ጉዳት ይዳርጋል።

ልብን የሚመግበው የደም ሥር ሲዘጋ፣ ደም ያጣው የልብ ጡንቻ ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ መሞት ይጀምራል። ሐኪሞች የተዘጋውን ሥር በመድኃኒት ወይም በቀጭን ቱቦ ይከፍታሉ። ይሁን እንጂ ደሙ ሲመለስም ሌላ ጉዳት አለ። ብዙ ቀን የተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ጠግቦ ቢበላ እንደሚጎዳ ሁሉ፣ ደም አጥቶ የቆየ ጡንቻም ደሙ በድንገት ሲደርስለት ከፊሉ ይጎዳል።

ይህን ለመከላከል ብዙ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታወቀና ከ5,000 በላይ ሕሙማን የተካፈሉበት የአውሮፓ ጥናት፣ ክንድን በደም ግፊት መለኪያ እያጠበቁ መልቀቅ ጥቅም እንዳላስገኘ አሳይቷል። አስተማማኙ መከላከያ ፈጥኖ መድረስ ነው፤ ጡንቻው ደም ያጣበት ጊዜ ባጠረ መጠን ጉዳቱም ያንሳል።

እንግዲህ ደረትን የሚጫን፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ሕመም ሲሰማችሁ፣ ቀዝቃዛ ላብና የትንፋሽ ማጠር ሲመጣባችሁ ቸል አትበሉ። በሴቶች ላይ ብርቱ የደረት ውጋት ሳይኖር በማቅለሽለሽና በድካም ብቻም ሊመጣ ይችላል። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፣ «እስኪነጋ ልታገሥ» አትበሉ፤ ቤተሰብንና ጎረቤትን ቀስቅሱ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል በፍጥነት ሂዱ።