ሲጠብቅና ሲላላ

ፊደላችን ባለጸጋ ነው፤ አንድ ነገር ግን አይነግረንም። ቃሉ ጠብቆ ወይስ ላልቶ እንደሚነበብ አያሳይም። ስንነጋገር ጆሯችን ይለየዋል። ቃሉ በሰሌዳ ተጽፎ ደጅ ላይ ሲሰቀል ግን ለአንባቢው ግምት ይተዋል።

እስቲ አንዲት እናት በሥራ ዝውውር ከነልጆቿ ከዳባት ደባርቅ ገባች እንበል። የሚከራይ ቤት ስትፈልግ አንድ በር ላይ «እዚህ ሰፊ አለ» የሚል ጽሑፍ ታያለች። የልጆቿ ብዛት አሳስቧታልና ደስ ብሏት ትገባለች። «በወር ስንት ነው?» ስትል፣ የስፌት መኪናውን የሚረግጠው ሰው «ኧረ እትዬ፣ ምን ወር አስጠበቀሽ! በሦስት ቀን አደርሰዋለሁ» ይላታል። «ፊ» ስትጠብቅ ስፋት፣ ስትላላ ባለ መርፌ መሆኗ ነው።

ከደባርቅ ወጣ ብሎ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። እንዲህ ባለ ቦታ «እንስሳትን መመገብ ክልክል ነው» ተብሎ ቢጻፍ መልእክቱ ለጭላዳ ዳቦ አትወርውሩ ነው። ሁለተኛውን «መ» አጥብቆ ያነበበ ልጅ ግን «እማዬ፣ ጭላዳ የሚበላ ሰው አለ እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ላልቶ ማብላት፣ ጠብቆ መብላት ነውና።

ችግሩን ደራስያንም አስተውለውታል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቁት ሆሄያት ራስ ላይ ነጥብ አኑረው ነበር። ልማዱ ግን አልተስፋፋም።

እስከዚህ ድረስ የሳቅ ነው። የማያስቅም አለ። በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ «አይነካም» ተብሎ ተጽፏል እንበል። «ነ» ሲጠብቅ ማንም እንዳይነካው ያስጠነቅቃል። ሲላላ ግን ምሰሶው ራሱ «ማንንም አይነካም» ተብሎ የተመሰከረለት ይመስላል! እኛ በልማድ አጥብቀን እናልፈዋለን። ፊደል መቁጠር የጀመረ ሕፃን ግን ይህ ልማድ ገና የለውም፤ የሚያነበው ሆሄ በሆሄ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በጉልምስናቸው ፊደል የለዩ እናቶችም ይህን ያውቁታል።

ስለዚህ እናቶች፣ ከልጆቻችሁ ጋር መንገድ ስትሄዱ ሰሌዳውን ጮክ ብለው እንዲያነቡላችሁ አድርጉ። ሲሳሳቱ አትቆጧቸው፤ ቃሉን በሁለቱም መንገድ አንብባችሁ አብራችሁ ሳቁ፣ ከዚያም ትክክለኛውን አስረዷቸው።

በየመሥሪያ ቤቱና በየሱቁ ማስታወቂያ የምታስጽፉ ሠራተኞችም፣ ቀለም ከመነከሩ በፊት ጽሑፉን ለአንድ ልጅ አሳዩት። «አይነካም» ከማለት «አትንኩ» ማለት፣ «መመገብ ክልክል ነው» ከማለት «ለእንስሳት ምግብ አትስጡ» ማለት ይሻላል። «ሰፊ አለ» ለሚለውም «ልብስ እንሰፋለን» ቢባል፣ ቤት ፈላጊዋ መንገዷን ትቀጥላለች፤ ሰፊውም ሥራውን አይፈታም።