የብርሌው ዕዳ በማን ላይ ይወድቃል?

በውጭ አገር የሚገኙ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበሮች ለእንቁጣጣሽ የባህል ገበያ ለማዘጋጀት ባሰቡ ቁጥር አንድ ክርክር ይነሳል። «ጠጅ በብርሌ ካልቀረበ ምኑን የኢትዮጵያ ገበያ ሆነ?» የሚሉ ወገኖች አሉ። «የሰው አገር ሕግ አይፈቅድምና ነገሩ ይቅር» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ስለ መጠጡ ሲከራከሩ መጠጡን የምታዘጋጀውን ሰው ይዘነጋሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ የተዘነጋ ጉዳይ ለውይይት ማቅረብ ነው።

በመጀመሪያ የምንኖርበትን አገር ሕግ በትክክል ማወቅ ይገባናል። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ መጠጥ በጅምላ ክልክል ነው የሚለው አባባል ስሕተት ነው። ሻርጃ ፈጽሞ ስትከለክል፣ አቡ ዳቢ ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ለግል ጠጪ ይሰጥ የነበረውን የፈቃድ ወረቀት አስቀርታለች። በ2023ም ቢራ እዚያው ጠምቆ የሚሸጥ ባለፈቃድ ቤት ተከፍቶባታል። ይሁን እንጂ በ2021 ወጥቶ በ2022 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል የወንጀልና የቅጣት ሕግ፣ በአደባባይ ወይም ፈቃድ በሌለው ቦታ የሚጠጣ ሰው እስከ 6 ወር እስራትና እስከ 100,000 ድርሃም መቀጮ ወይም ከሁለቱ በአንዱ እንዲቀጣ ደንግጓል። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥንም ወንጀል አድርጎታል። እንግዲህ የጉዳዩ ቁልፍ ፈቃዱና ቦታው ነው። ትልቁ ሆቴል ፈቃዱ አለው፤ ሜዳ ላይ የተዘረጋው የማኅበራችን ጠረጴዛ ግን የለውም።

እስቲ ወደ ሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ እንምጣ። ከሙሳፋህ የኢንዱስትሪ ሠፈር አጠገብ ባለችው በዚህች የመኖሪያ ከተማም ሆነ በሌሎቹ ሠፈሮች፣ እህቶቻችን በሰው ቤት ተቀጥረው ይሠራሉ። ተማሪው «ለበዓሉ ትንሽ ጠጅ ጣይልን» ብሎ የሚለምነው እነሱን ነው። እሱ ሁለት ብርሌ ጠጥቶ ወደ መኝታው ይሄዳል። ነገሩ ቢደረስበት ግን ዕቃው የሚገኘው በማን ክፍል ነው? የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተያያዘ ሴት፣ ከእስራቱና ከመቀጮው ሌላ ከአገር እንድትወጣ ልትፈረድባት ትችላለች። ያን ጊዜ የታናናሾቿ የትምህርት ወጪና የእናቷ መድኃኒት አብሮ ይቋረጣል። ስለ ባህል የተከራከረው ተማሪ ይህን ዕዳ አይከፍልላትም።

የጠርሙሱ ጉዳይም ከዚህ የተለየ አይደለም። በብዙ አገሮች የገበያ ሜዳዎችና መናፈሻዎች የመስተዋት ዕቃ የሚከለክሉት፣ ስብርባሪው ሣርና አሸዋ ውስጥ ከገባ ለቅሞ መጨረስ ስለማይቻልና ሕፃናትን ስለሚጎዳ ነው። ለእኛ መጠጥ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ጠጅ ከታሸገም በኋላ መፍላቱን ይቀጥላል፤ ጋዙ መተንፈሻ ሲያጣ ጠርሙሱን ሊያፈነዳ ይችላል። በአቡ ዳቢ የነሐሴ ሙቀት መኪና ውስጥ የተቀመጠ ጠርሙስ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ሕግ ሁልጊዜ መከልከል ብቻ አለበት ማለታችን አይደለም። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሕግ፣ ከራሱ ተክል ወይን የሚጠምቅ ገበሬ ምርቱን በገበሬዎች ገበያ እንዲያስቀምስ ፈቅዷል። ቅምሻው በተከለለ ቦታ ይካሄዳል፤ ለአንድ ሰው የሚቀዳውም ከ3 አውንስ፣ ማለትም ከ90 ሚሊ ሊትር ገደማ አይበልጥም። እዚያ ትንሹ አምራች በግልጽ የታወቀ በር ተከፍቶለታል።

ጥያቄው ወደ አገራችንም ይዞራል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥና በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ መከልከሉ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን የፋብሪካው ቢራ የአልኮል መጠኑ ተጽፎበት፣ በተመላሽ ጠርሙስ በሕጋዊ መንገድ ሲጓዝ፣ በደጃፏ እንጨት ተክላ ጣሳ የደፋችው ጠላ ሻጭ መለኪያም መለያም የላትም። አረቄውም በጀሪካንና ከቆራሌው በተገዛ አሮጌ ጠርሙስ ይዞራል፤ ጥንካሬውን ጠጪው የሚያውቀው ከጠጣው በኋላ ነው።

አንዳንዶች «ለእነዚህ ፈቃድ መስጠት ስካርን ማስፋፋት ነው» ይላሉ። ስጋቱ መሠረት አለው፤ የቤት አስቤዛ በመጠጥ ሲያልቅ የሚራቡት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ሆኖም ሻጯን ማሳደድ መጠጡን ወደ ጓሮ ያስገባዋል እንጂ አያጠፋውም። ጓሮ ውስጥ ደግሞ ዕድሜ የሚጠይቅ፣ የዕቃ ንጽሕና የሚመረምር አይኖርም።

ስለዚህ የሚከተሉትን ሐሳቦች ለማኅበራችን አባላት እናቀርባለን፦

ሀ) በምንኖርበት አገር ሕጉን ሳናወላውል እናክብር። በገበያችን ቡናና ብርዝ ይቅረብ። ብርዝ ካደረ ስለሚፈላ በዕለቱ ይበጥበጥ፤ በወረቀት ኩባያም ይታደል።

ለ) ማንም አባል እህቶቻችንን ጠጅ እንዲጥሉ ወይም ጠላ እንዲጠምቁ አይጠይቅ። ሊረዳቸው የሚፈልግ ዳቦና ቆሎ አዘጋጅተው እንዲያቀርቡ አዞ ዋጋውን ይክፈላቸው፤ ለሽያጩ የሚያስፈልገውንም ፈቃድ ማኅበሩ በራሱ ስም ያውጣ።

ሐ) ኬሚስትሪ፣ ምግብ ሳይንስና ሕግ የምታጠኑ ወገኖች፣ ለጠላና ለጠጅ ሻጮች የሚሆን ርካሽ መለኪያ፣ ንጹሕ ዕቃና ቀላል የፈቃድ ሥርዓት ምን እንደሚመስል አጥኑ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ከዚህ የበለጠ ለሕዝብ የሚጠቅም ጉዳይ ሩቅ አይደለም።

ባህላችንን እንወዳለን የምንል ሁሉ፣ ባህሉን በእጇ ይዛ ያቆየችውን ሴት ለአደጋ አሳልፈን አንስጣት። የበዓሉ ደስታ የጋራችን ከሆነ ኃላፊነቱም የጋራችን ይሁን።