በጓሮ ከሽንኩርት ይልቅ ጎመን ይቅደም

የጓሮ አትክልት ሲነሣ በፎገራ ሜዳ የምንሠራ የግብርና ሠራተኞች ሁሉ ልባችን የሚያደላው ወደ ቀይ ሽንኩርት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የክረምቱ ውሃ ከጎደለ በኋላ በጉማራና በርብ ወንዞች ዳርቻ በመስኖ የሚመረተው ሽንኩርት ከሩዝ ጋር ለገበሬው ጥሬ ገንዘብ የሚያስገኝ ሰብል ነው። ይሁን እንጂ ለማሳ የሚበጀው ሁሉ ለጓሮ ይበጃል ማለት አይደለም። በእኛ አስተያየት በጓሮ መደብ ላይ ቅድሚያ የሚገባው የሐበሻ ጎመን ነው፤ ሽንኩርት በማሳው ይቆይ።

የመጀመሪያው ምክንያታችን ገበያ ነው። አብዛኛው ገበሬ በአንድ ወቅት ስለሚተክል ሽንኩርቱ ለወረታ ገበያ የሚቀርበውም በአንድ ጊዜ ነው። ገበያው ሲጠግብ ዋጋው ይወድቃል። ሽንኩርት በሙቀት ወራት በቤት ውስጥ ብዙ ሳይቆይ ስለሚበሰብስ ገበሬው በተባለው ዋጋ ከመሸጥ በቀር ምርጫ የለውም። በማሳውም በጓሮውም ሽንኩርት ብቻ የተከለ ቤተሰብ ያን ጊዜ ሁለት ጉዳት ይደርስበታል፤ የሚሸጠው ይረክሳል፤ ከጓሮው ቀንጥሶ የሚበላው ቅጠልም አይኖረውም።

ሁለተኛው ምክንያት ምግብ ነው። 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም የሚውለው በዚሁ በበጋ ወራት ነው። ሕፃናት ባይጾሙም የሚበሉት ቤተሰቡ ከሚበላው ድስት ነው፤ ጓሮው ባዶ ከሆነ ድስቱ ከሽሮ አያልፍም። ሽንኩርት ወጥ ያጣፍጣል እንጂ ለዓይን ጤንነት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኤ አይሰጥም። የጎመን ቅጠል ግን ይህንኑ ቫይታሚን፣ እንዲሁም ካልሲየምና ብረት ይሰጣል። በጥቂት የኑግ ዘይት ሲሠራ ደግሞ ሰውነት ቫይታሚኑን በተሻለ ሁኔታ ይቀበለዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ዘር ነው። የሽንኩርት ዘር በተለመደው አቀማመጥ ከአንድ ዓመት በኋላ የመብቀል ኃይሉ እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ ገበሬው በየዓመቱ ይገዛል፤ የገዛው ዘር አሮጌ ከሆነም የሚያውቀው ሳይበቅል ሲቀር ነው። ጎመን ግን የአገራችን ተክል ነው። አምስት ወይም ስድስት እግር ሳይቀነጠስ ቢተው ለቤቱ በቂ ዘር ይሰጣል፤ ጎረቤትም ይደርሰዋል። የተረፈው ጎመን ዘር ተወቅጦ ምጣድ ያሰሳል።

የልማት ሠራተኛው ለገበሬው ሲያስረዳ የሚከተሉትን ነጥቦች ይያዝ።

1. መደብ፦ የፎገራ ዋልካ አፈር ውሃ ይይዛል፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍም የሚረሳ አይደለም። ስለዚህ መደቡ 1 ሜትር ስፋትና ከ20 እስከ 30 ሣንቲ ሜትር ከፍታ ኖሮት ከበረት የወጣ የበሰበሰ ፍግ ይቀላቀልበት። 5 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት መደቦች ለመጀመሪያ ይበቃሉ።

2. አዘራር፦ ሁሉንም በአንድ ቀን መዝራት ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲያረጅ ማድረግ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይዘራ፤ በመስመሮች መካከል 30 ሣንቲ ሜትር ይተው።

3. አቀናጠስ፦ የታችኞቹ ቅጠሎች ብቻ ይቀንጠሱ፤ ከላይ አራት ወይም አምስት ቅጠል ይቅር። ተክሉ እንዲህ ሲያዝ ለብዙ ሳምንታት ይሰጣል።

4. ተባይ፦ ለማሳው ሽንኩርት የተገዛ የፀረ ተባይ መድኃኒት ትራፊ በጓሮ ጎመን ላይ ፈጽሞ አይረጭ። ቅጠሉ ዛሬ ተቀንጥሶ ዛሬ የሚበላ ነው። ክሽክሽ ከታየ በሳሙና ውሃ ማጠብ ወይም የተጠቃውን ቅጠል ማስወገድ ይሻላል።

5. ተጓዳኝ አትክልት፦ ከጎመኑ ቀጥሎ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ይተከሉ፤ ዱባ በአጥሩ ላይ ይውጣ። ካሮት በጠጣር ዋልካ ላይ ስለሚጣመም አፈሩ በሚገባ መለስለስ አለበት።

ጓሮ የሴቶችን ድካም ያበዛል የሚል ተቃውሞ ይቀርብ ይሆናል። ተቃውሞው እውነት አለው። እናቶች ከሩቅ በሚቀዱት ውሃ ላይ ሌላ እንስራ መጨመር ልማት አይደለም። ስለዚህ መደቡ ከማድቤቱ አጠገብ ይሁን፤ የአትክልትና የእህል እጣቢ ይጠጣ። ቁፋሮውና ፍግ ማመላለሱ የአባወራው ድርሻ ይሁን። ፍጉ ሁሉ ኩበት ሆኖ እንዳያልቅም ቤተሰቡ አስቀድሞ ይነጋገርበት።

ሥራችንን በሄክታርና በኩንታል ብቻ ስንመዝን ጓሮው ከሪፖርታችን ይወድቃል። የልማት ሠራተኛው ገበሬውን ሲጎበኝ «ስንት ሸጣችሁ?» ከማለት ጋር «በዚህ ሳምንት ከጓሯችሁ ምን በላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ማኅበራትም የሽንኩርት ዘር ሲያቀርቡ የካሮትና የቃሪያ ዘር በትንንሽ ከረጢት አብረው ያምጡ፤ ጥሩ ጎመን ካለው አባል ዘር ገዝተው ለሌሎች ያከፋፍሉ። በዛሬው ጊዜ የሜዳው መታወቂያ የሆነው ሩዝ እንኳ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው በጅግናና በሻጋ አምራች ማኅበራት ነበር። ያን ያህል ሰብል ያስለመዱ ማኅበራት በየአባሉ ጓሮ ሁለት የጎመን መደብ ማስጀመር አያቅታቸውም።