ከበረዶው ሥር ያለው ማሳ

የዋልታ ባሕር በረዶ ከሩቅ ሲያዩት ሕይወት አልባ ነጭ ምድረ በዳ ይመስላል። ይሁንና የባሕር ውሃ ሲረጋ ጨዉ ተገፍቶ በበረዶው ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ቦዮች ይጠራቀማል፤ በእነዚህ ቦዮች፣ በተለይም ውሃውን በሚነካው የታችኛው ክፍል፣ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ።

በጸደይ መባቻ እድገታቸውን የሚገታው በላያቸው የተከመረው አመዳይ የሚከልለው ብርሃን ነው። ብርሃኑ ሲበረታ ደግሞ ከሥራቸው ካለው ውሃ የሚያገኙት ናይትሬትና ሲሊካ ማነስ ይጀምራል። ስለዚህ በረዶው ከሳሳ ምርቱ ይጨምራል ብሎ መደምደም ጥድፊያ ነው። ከበረዶ የቀለጠው ጨው አልባ ውሃ እንደ ክዳን ተንሳፍፎ ከጥልቁ የሚወጣውን ንጥረ ነገር ሊያግድ ይችላል።

ጉዳቱ በአልጌው አያበቃም። በአንታርክቲካ ሽሪምፕ መሰሉ ክሪል በእጭነቱ ክረምቱን የሚያልፈው ይህን አልጌ እየተመገበ ነው፤ ክሪልን ደግሞ ፔንግዊንና ዓሣ ነባሪ ይመገቡታል።

ሳተላይቶች ከ1979 እ.ኤ.አ. ወዲህ የበረዶውን ስፋት በተከታታይ መዝግበዋል፤ ከበታቹ ያለውን ንጥረ ነገር ግን አያዩም። ለዋልታ ምርምር በጀት የሚመድቡ መንግሥታት በረዶውን ሰርስሮ ለሚደረገው አድካሚ ልኬትም ተገቢውን ድርሻ ሊሰጡ ይገባል።