ስለ ሥነ ምግባር መጽሐፋችን የቀረበ አቤቱታ

ባለፈው ወር ማኅበራችን የመረጃ ቴክኖሎጂ ተማሪዎች ስለሚማሩበት የሥነ ምግባር መጽሐፍ ያላቸውን አስተያየት በጽሑፍ እንዲሰጡ ጠይቆ ነበር። የመጣውን ወረቀት የዝግጅት ክፍላችን አንድ ባንድ ተመልክቶታል። ከፊሉ ቀልድ፣ ጥቂቱም ስድብ ስለ ሆነ ወደ ጎን ትተነዋል። የቀረው ግን ቁም ነገር አለበት። ከዚህም በላይ ትምህርቱ ጨርሶ ይቅርልን የሚል አቤቱታ ለትምህርት ክፍሉ እንዲቀርብ ፊርማ መሰብሰብ ተጀምሯልና፣ የዚህ ጋዜጣ አቋም ምን እንደ ሆነ በግልጥ መናገር ተገቢ መስሎ ታይቶናል። አቤቱታውን አንደግፍም። መጽሐፉ አሁን በሚሰጥበት አኳኋን መሰጠቱንም አንደግፍም።

መጽሐፉ ጆርጅ ሬይኖልድስ የጻፈው «ኤቲክስ ኢን ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ» የተባለው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታትሞ ከዚያ ወዲህ እየታደሰ ደጋግሞ ወጥቷል። ስለ ሙያ ግዴታ፣ ስለ ኮምፒዩተር ወንጀል፣ ስለ ግል ምስጢር፣ ስለ ሐሳብ ነጻነት፣ ስለ አእምሮ ንብረት፣ ስለ ሶፍትዌር ጥራት በየምዕራፉ ይናገራል። በምዕራፎቹ መጨረሻም አንባቢው «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ተብሎ የሚጠየቅባቸው አጫጭር ታሪኮች አሉት። እንደኛ አስተያየት ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ክፍል ነው፤ በክፍል ውስጥ ሳይነካ የሚታለፈውም ይኸው ክፍል ነው።

ከቅሬታዎቹ መካከል ጎልቶ የታየው መጽሐፉ ባዕድ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው። ስለ ግል ምስጢር ሲያስተምር የሚጠቅሰው የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች ነው፤ ስለ ሕሙማን መዝገብ ሲናገር የሚያነሣው የእነርሱን ሕግ ነው፤ ክርክሩም የእነርሱ ፍርድ ቤቶች ክርክር ነው። በአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፤ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 አለ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የአሜሪካን ሕግ ስም ከነዓመተ ምሕረቱ ሸምድዶ ፈተናውን ያለፈ ተማሪ፣ ነገ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የፋይዳ ቁጥርና የጣት አሻራ የሰፈረበት መዝገብ ሲሰጠው የሚገዛበትን የራሱን አገር አዋጅ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነብ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚያሳፍር ነገር ነው። ነገር ግን ጉድለቱ የደራሲው አይደለም። ሰውየው ለአገሩ ልጆች ጻፈ እንጂ ለእኛ እጽፋለሁ አላለም።

ሁለተኛው ቅሬታ ከበድ ይላል። አያሌ ተማሪዎች፣ አትስረቅ፣ አትዋሽ፣ የሰው ምስጢር አታውጣ የሚለውን ከወላጆቻችንና ከሃይማኖታችን ተምረን መጥተናል፤ ይህን ለመድገም ሦስት ክሬዲት አያስፈልግም ብለው ጽፈዋል። በድሮው ትምህርት ቤት ግብረ ገብ የሚባል ትምህርት እንደ ነበረ፣ ይህም እርሱኑ በእንግሊዝኛ ማልበስ ነው ያሉም አሉ። አነጋገሩ ደስ ይላል፤ ነገሩ ግን ትክክል አይደለም። ስለ ምን ቢሉ፣ መልሱ በቅርቡ በገዛ ግቢዎቻችን ታይቷል።

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ታወከ። አንድ ሰው በሒሳቡ ውስጥ የሌለውን ገንዘብ ማውጣትም ሆነ ወደ ሌላ ሒሳብ መላክ ቻለ። ወሬው በስልክ ከመኝታ ቤት ወደ መኝታ ቤት ሮጠ። በየዩኒቨርሲቲው ባሉት የኤቲኤም ማሽኖች ፊት ተማሪ በእኩለ ሌሊት ተሰለፈ። ባንኩ ችግሩ ከውጭ በተሰነዘረ የሳይበር ጥቃት የመጣ እንዳልሆነ ገለጸ፤ ምክንያቱ የሥርዓት ማሻሻያ ሥራ መሆኑም ተነገረ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ። ባንኩም ለሚመልሱት ክስ እንደማይኖር አስታወቀ፤ ቆይቶም ከጎደለው ገንዘብ ሦስት አራተኛ የሚሆነውን ማስመለሱን ተናገረ።

እንግዲህ ከዚያ ሰልፍ ላይ የቆመ ማንኛውም ተማሪ «አትስረቅ» የሚለውን ትእዛዝ አያውቅም ነበርን? ያውቃል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። በማግሥቱ በየመመገቢያ አዳራሹ ሲባል የነበረውን የሚያስታውስ ያስታውሰው፦ የተሳሳተው ማሽኑ ነው፤ ገንዘቡ የመንግሥት ነው፤ ሁሉም ወስዷል፤ ነገ እመልሰዋለሁ። ከእነዚህ ቃሎች አንዱም ሌባ ነኝ አይልም። መጽሐፉ ስለ ውሳኔ አሰጣጥ ሲያስተምር መጀመሪያ የሚያዘው ችግሩን በማያሻማ ቃል ጽፎ ማስቀመጥን ነው። ብዙዎቻችን ይህን ስናነብ የምን ጨዋታ ነው ብለን አልፈነዋል። እስቲ በዚያ ሌሊት ላይ እንሞክረው። አንዱ ተማሪ «ባንኩ ተሳሳተ» ብሎ ይጻፍ፤ ሌላው «የሌላ ሰው ገንዘብ እጄ ገባ» ብሎ ይጻፍ። ሁለቱም ውሸት አልጻፉም። የመጀመሪያው ግን እንቅልፉን ትቶ ወደ ማሽኑ ይሮጣል፤ ሁለተኛው ወደ አልጋው ይመለሳል። ትእዛዙን ማወቅና ነገሩ ትእዛዙ የሚመለከተው መሆኑን ማየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው ልምምድ ይጠይቃል።

ደግሞም እኛ የዚህ ሙያ ተማሪዎች ነንና በማሽኑ ፊት ብቻ ሳይሆን ከማሽኑ በስተ ኋላም እንቆማለን። ለሚሊዮኖች ደንበኞች የሚያገለግል ሥርዓት ሲሻሻል ምን ያህል መፈተን አለበት? አለቃው ዛሬ ይውጣ ሲል መሐንዲሱ አልተፈተነምና አይውጣ የማለት ግዴታ አለበት ወይስ ምክር ሰጥቶ ዝም ይበል? ስለ ሶፍትዌር ጥራት የሚናገረው ምዕራፍ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በትምህርት ቤታችን ይህ ምዕራፍ የሚፈተነው ከአራት ትርጓሜዎች ትክክለኛውን አክብቡ በሚል ነው።

በዚሁ ጉዳይ ሌላም ክርክር አለበት። ባንኩ ገንዘቡን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በየቅርንጫፉ ለጠፈ። ብዙ ሰው ደግ አደረገ አለ። እኛ ግን ገንዘቡ መመለስ እንዳለበት ሳንጠራጠር መለጠፉ ትክክል አልነበረም እንላለን። ፎቶግራፉ ለባንኩ የተሰጠው ሒሳብ ለመክፈት ነው እንጂ በአደባባይ ለመዋረድ አይደለም፤ ጥፋተኛ የሚለየውም ፍርድ ቤት ነው። ባንክ ግድግዳ ላይ ከተለጠፉት መካከል አንድ ሰው እንኳ በስሕተት ተለጥፎ ቢገኝ ስሙን ማን ያጥብለታል? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ የወጣው በዚያው በ2016 ዓ.ም. ነው። የእኛን አሳብ የማይቀበል ተማሪ ይኖራል፤ ይከራከረን። በክፍል ውስጥ እንዲሆን የምንሻው ይህን የመሰለ ክርክር ነው።

ባዕድነቱ ከሚያስቸግርባቸው ቦታዎች አንዱ ስለ ሐሳብ ነጻነት የሚናገረው ምዕራፍ ነው። በዚያ ምዕራፍ ጥያቄው አንድን ጽሑፍ ማገድ ይገባል ወይስ አይገባም ነው። እኛ የምናውቀው ሙሉ በሙሉ መዘጋትን ነው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጥቶ ከተሰረዘ በኋላ በ2009 ዓ.ም. በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ። ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በጦርነቱ ጊዜ የትግራይ ሕዝብ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦበት ሁለት ዓመት ያህል ዘመድ ከዘመድ ሳይሰማማ ኖረ። ቁልፉን የሚያጠፋው ባለ ሙያ እንደኛ የተማረ ሰው ነው። ለእርሱ የሚሆን ምዕራፍ በሬይኖልድስ መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ የሚጽፈውም ከዚሁ አገር የወጣ ሰው መሆን አለበት።

ስለ መጽሐፉ ቅጂ ጥቂት እንበል፤ ብዙዎች በሣቅ ጠቅሰውታልና። ዋጋው በዶላር ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ያለው ቅጂ ለሁሉ አይዳረስም። ስለዚህ ስለ አእምሮ ንብረት የሚናገረውን ምዕራፍ ያነበብነው ወይ በቴሌግራም ከመጣ ፋይል ወይ ፎቶ ኮፒ ቤት ተባዝቶ ከተሸጠ ጥራዝ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግልና ለማስተማሪያ የተወሰነ ፈቃድ ይሰጣል፤ መላውን መጽሐፍ አባዝቶ መሸጥን ግን አይፈቅድም። ነገሩ ያሥቃል፤ ግን ሣቁ የሚወድቀው በተማሪው ላይ ብቻ መሆን የለበትም። የሚማርበትን መጽሐፍ የሚያዝለት ትምህርት ክፍሉ ነውና ተማሪው በሕጋዊ መንገድ የሚያገኝበትን መላ መፈለግም የእርሱ ሥራ ነው።

ስለዚህ ፊርማ ለሚያሰባስቡት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምንለው ይህ ነው። የአቤቱታውን ቃል ለውጡት። ትምህርቱ ይቅር በማለት ፈንታ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በየምዕራፉ መጨረሻ ያሉት ታሪኮች በክፍል ውስጥ ክርክር እንዲደረግባቸው፤ የመጨረሻው ፈተና ግማሹ ተማሪው አንድን ጉዳይ መርምሮ ፍርዱን ከነምክንያቱ የሚጽፍበት እንዲሆን፤ የጠቀስናቸውም አዋጆች ከመጽሐፉ ጋር አብረው እንዲነበቡ። ሁለተኛው ማረሙን ለመምህራን ከባድ እንደሚያደርገው እናውቃለን፤ ክፍሉም ትልቅ ነው። ለዚህ የሚሆን ረዳት መምህር እንዲመደብ መጠየቅ ይቻላል። እንዲህ ሆኖ ከተጻፈ ይህ ጋዜጣ የአቤቱታውን ሙሉ ቃል በፊት ገጹ ያወጣል፤ የዝግጅት ክፍሉም አባላት ይፈርማሉ።

ለጊዜው ግን ማኅበሩ ትምህርት ክፍሉን ሳይጠብቅ ሊጀምረው የሚችል ሥራ አለ። በተግባር ልምምድ ላይ በየመሥሪያ ቤቱ የሰነበታችሁ ተማሪዎች ያያችሁትን ወይም ያጋጠማችሁን የሙያ ጉዳይ የሰውም የመሥሪያ ቤትም ስም ሳትጠሩ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ በአማርኛ ጽፋችሁ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ አኑሩ። ደኅና ሆነው የተገኙትን እያባዛን ከሚቀጥለው ዕትም ጋር እናድላለን።