ከሐኪም እጅ ወደ ቤተ ሰብ እጅ፤ ስለ ጆሮና ስለ አፍንጫ ቁስል አጠባበቅ

የሰው ልጅ ሊሸሽጋቸው ከማይችላቸው ብልቶች መካከል ጆሮና አፍንጫ ዋነኞቹ ናቸው። እግር ቢቆስል ልብስ ይሸፍነዋል፤ ክንድ ቢጎዳ እጅጌ ይከልለዋል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን በገበያም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ከሰው ዓይን አያመልጡም። በዚያም ላይ ለመልክ ብቻ የተሰጡ አይደሉም። አፍንጫ የእስትንፋስ በር ነው፤ ጆሮ የቃልና የዜማ በር ነው። የድጓ ምስክር የሚሰጥባት ቤተልሔም በምትገኝበት በጋይንት አገር ስለ ጆሮ ክብር መናገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

ስለዚህ በእነዚህ ብልቶች ላይ ጉድለት ወይም ጉዳት ሲደርስ ሰው ወደ ቀዶ ሕክምና ቢሄድ አያስደንቅም። በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ጉትቻ ከብዶት ወይም ሕፃን ጎትቶት የተሰነጠቀ ጆሮ፣ በተበሳበት ቦታ ላይ አብጦ የደነደነ ጠባሳ፣ ከልደት ጀምሮ ወደ ፊት የወጣ ጆሮ፣ በመውደቅ ወይም በከብት ርግጫ የተሰበረና የተጣመመ አፍንጫ ነው። በከተማና በውጭ አገር ደግሞ መልክን ለማሳመር ብቻ አፍንጫቸውን የሚያስተካክሉ ወገኖች አሉ። የዛሬው ጽሑፋችን ማን ስለ ምን ታከመ ብሎ ለመፍረድ አልተነሣም፤ እርሱ የታካሚውና የነፍስ አባቱ ጉዳይ ነው። ቁስል ምክንያትን አይጠይቅም፤ በግድ የመጣውም በፈቃድ የመጣውም አንድ ዓይነት ጥበቃ ይሻል። ልናስገነዝብ የምንወደው ነገር ይህ ነው፤ ሐኪሙ የሥራውን እኩሌታ ይሠራል፤ የቀረው እኩሌታ በቤት ውስጥ፣ በታካሚውና በአስታማሚው እጅ ይፈጸማል።

ጥበቡ ራሱ አዲስ አይደለም። ሱሽሩታ በተባለው የጥንት የህንድ ሐኪም ስም የሚጠራው መጽሐፍ የተቀደደ የጆሮ ሥጋ የሚጠገንበትን 15 ዓይነት ዘዴ ይዘረዝራል። ከብዙ ዘመን በኋላም ጋስፓሬ ታልያኮዚ የተባለው የቦሎኛ ሐኪም፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1597 ዓ/ም ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተቆረጠ አፍንጫ ከክንድ በተወሰደ ቆዳ እንዴት እንደሚታደስ ገለጠ። በዚህ ዘዴ የታከመ ሰው ክንዱ ከፊቱ ጋር ታስሮ፣ እንደ ልቡ ሳይገላበጥ፣ ለሳምንታት ይቆይ ነበር። ቢላዋው በአንድ ቀን ሥራውን ይጨርሳል፤ ትዕግሥቱ ግን የሳምንታት ነበር። ዛሬ ማደንዘዣና ልዩ ልዩ መድኃኒት ቢገኝም ይህ ሥርዓት አልተለወጠም።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንዲት የእስቴ ልጅ ለሠርግ የተዋሰችው ከባድ ጉትቻ ጆሮዋን ቢሰነጥቀው፣ ደብረ ታቦር ሄዳ ተሰፋላት እንበል። ሥራው ቦታውን ብቻ በማደንዘዝ የሚፈጸም አጭር ሥራ ስለ ሆነ በዚያው ቀን ወጣች። መካነ ኢየሱስ ስትደርስ ግን «ለመልኳ ብላ ተሰፋች» እንዳይሏት ፈርታ ራሷን በሻሽ አጥብቃ አሰረች፤ ለእናቷም አልነገረች፤ በማግሥቱ እንደ ልማዷ ውኃ ቀዳች፣ እንጀራ ጋገረች። በአራተኛው ቀን ጆሮዋ ይጠዘጥዛት፣ ያተኩሳትም ጀመር። እናቲቱ ትኩሳቱን ብቻ አይታ «ምች ነው» በማለት ዳማከሴ ጨመቀችላት። ስፌቱ ግን በውስጥ መግል ይዞ ነበርና ተበጠሰ፤ ጆሮዋም ከፊተኛው የባሰ ሆነ። እዚህ ላይ ሐኪሙም እናቲቱም አልበደሉም፤ ጉዳቱን ያመጣው መሸሸጉ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት አባቶች እውነት ተናግረዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ታካሚው ለቤተ ሰቡ ማስታወቁ፣ ቤተ ሰቡም ሳያፌዝ መቀበሉ ነው።

ስለ ጆሮ ቁስል

የተሰፋ ጆሮ በመጀመሪያው አንድና ሁለት ቀን ውኃ ሳይነካው ይቆያል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት፣ እጅን አስቀድሞ በሳሙና ታጥቦ፣ ፈልቶ በበረደ ውኃ በቀስታ ማጽዳት ይገባል። ቅቤ፣ የቡና ዱቄት፣ ፌጦ ወይም ነጭ ሽንኩርት በስፌት ላይ ማድረግ አይገባም፤ ነጭ ሽንኩርት ቆዳን ያቃጥላል፣ የቀሩትም ጀርም ይዘው ይገባሉ። ስፌቱ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ለዚህ ሥራ ሩቅ መሄድ ግድ አይደለም፤ ከሐኪሙ ወረቀት ከተያዘ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ ወይም ወገዳ ያለ ሰው በአቅራቢያው በሚገኘው ጤና ጣቢያ ሊያስወጣው ይችላል።

ለእናቶችና ለልጃገረዶች ልዩ ማሳሰቢያ አለን። ለራስ ጠጉር የሚቀባ ቅቤ ፀሐይና ምድጃ ሲነካው ቀልጦ በጆሮ ግንድ ላይ ይወርዳል፤ ወደ ስፌትም ይገባል። ሹሩባም ሲሠራ ቆዳው ይወጠራል፤ የሠሪዋም እጅ ጆሮውን ሳይነካ አያልፍም። ስለዚህ ቁስሉ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ ሁለቱም ይቆዩ፤ ጠጉሩን አስቀድሞ ከሕክምናው በፊት መሠራት ይቻላል። መኝታም በጀርባ ወይም በደኅነኛው ጎን ይሁን።

ወደ ፊት የወጣ ጆሮ የተስተካከለለት ልጅ ጥበቃው ከዚህ ይበልጣል። ይህ ሕክምና ልጁ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ሲሞላው ይደረጋል፤ ጆሮ በዚያ ዕድሜ ወደ ሙሉ መጠኑ ተቃርቧልና። ራሱ በፋሻ ታስሮ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ከዚያም ሌሊት እንዳይታጠፍበት በለስላሳ መታሰሪያ ለጥቂት ሳምንታት ይታሰራል። «እስቲ እንየው» እያሉ ፋሻውን መፍታት ክልክል ነው። ትምህርት ቤት ሲመለስም መምህሩ ይነገረው፤ ልጆች በጆሮ የመጎተት ልማድ አላቸው፤ ትምህርት ቤትም በጆሮ መቅጣትን ፈጽሞ ሊተው ይገባዋል።

የጆሮ የላይኛው ክፍል ልም አጥንት አለበት። ልም አጥንት ደም እንደ ልብ የማይደርሰው ስለ ሆነ ቢመርዝ ቶሎ አይድንም፤ ቅርጹም ሊጠፋ ይችላል። በከተማ የሚታየው ላይኛውን ጆሮ የመብሳት ልማድ ከታችኛው ይልቅ የሚያስፈራው ስለዚህ ነው። ታችኛው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲድን፣ ላይኛው ብዙ ወራት ይፈጃል። ለማንኛውም መብሳት እሾህም ሆነ በጎረቤት የሚዟዟር መርፌ አይሁን፤ መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ በዚህ መንገድ ይገባሉ።

ከዳነ በኋላ ጠባሳው ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ፣ የሚያሳክክና የሚደነድን ከሆነ ሐኪሞች ኬሎይድ ይሉታል። በጥቁር ሕዝብ ዘንድ ይበዛል፤ በዘርም ይወርዳል። በክር ማሰር፣ በጋለ ብረት መተኮስ ወይም ቆርጦ መጣል ብቻ ብዙ ጊዜ አብሶት ይመልሰዋል። ሐኪም በመርፌ መድኃኒት፣ በመጫኛና በሌላም ዘዴ አጣምሮ ያክመዋል፤ ገና ትንሽ ሳለ ማሳየት ይበጃል። በቤተ ሰቡ ይህ ያለበት ሰው ልጁን ከማስበሳቱ በፊት ያስብበት። የተሰፋ ጆሮም ዳግመኛ የሚበሳ ከሆነ ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ ከጠባሳው ራቅ ብሎ፣ ለቀላል ጉትቻ ይሁን።

ስለ አፍንጫ ቁስል

አፍንጫው የተስተካከለለት ሰው በላዩ ጄሶ ወይም መደገፊያ ተደርጎለት አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ሥር ቢጠቁርና ፊቱ ቢያብጥ ቤተ ሰቡ አይደንግጥ፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። በሁለት ሦስት ትራስ ራሱን ከፍ አድርጎ ይተኛ። ለሁለት ሳምንት ያህል አይናፈጥ፤ ማስነጠስ ቢመጣበት አፉን ከፍቶ ያስነጥስ። ለሕመም የታዘዘለትን ብቻ ይዋጥ፤ አስፕሪን ደምን ስለሚያቀጥን ከሐኪም ቃል ውጭ አይውሰድ። ሲጋራ የሚያጨስ ቢኖር ቁስሉ እስኪድን ይተው፤ ቢቻለው ለዘለዓለም።

ከዚህ በላይ ያለው ጥበቃ የቤት ጉዳይ ነው። በርበሬ በሚደለዝበት፣ ቁሌት በሚቁላላበትና ጭስ በታፈነበት ቤት ውስጥ አያስቀምጡት፤ ከውቂያ ገለባም ይራቅ። ለሦስትና ለአራት ሳምንት እንስራና እንጨት አይሸከም፣ ጎንበስ ብሎ አይጨድ። ልጅ በደረቱ ላይ አይዝለል፤ ሕፃን ራሱን ሲወረውር የድንጋይ ያህል ይመታል። ጠያቂም ጉንጭ መሳሙን ትቶ በእጅ ሰላም ይበለው። መነጽር የሚያደርግ ሰው አጥንቱ እስኪጠና በአፍንጫው ላይ አያሳርፍ። የጉና ደጋ ፀሐይ ብርቱ ስለ ሆነ ለብዙ ወራት ባርኔጣ ወይም ጥላ ይያዝ፤ ትኩስ ጠባሳ በፀሐይ ይጠቁራልና። መስተዋትንም አያብዛ፤ የአፍንጫ ጫፍ እብጠት ፈጽሞ እስኪወርድ አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ስለ ልማድና ስለ ሃይማኖት

«ሽታ ይመታዋል» በማለት ቁስለኛን ከጠያቂ መከልከል በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ጠያቂ መቀነሱ ይጠቅማል፤ ቁስልን የሚያመረቅዘው ግን ሽታ ሳይሆን ያልታጠበ እጅ ነው። በነፋስ መውጫ ብርድ ቁስልን ከአቧራ መሸፈንም መልካም ነው፤ የራሰና የቆሸሸ ፋሻን ሳይለውጡ ማቆየት ግን መግል ያፈራል። ከስፌት በኋላ የሚመጣ ትኩሳት ምች ተብሎ እንዳይታለፍ አጥብቀን እናሳስባለን።

ጠበልን በሚመለከት፣ መጠጣቱና በካህኑ መባረኩ ስፌትን አይጎዳም። በቁስሉ ላይ ማፍሰስ ግን ስፌቱ ወጥቶ ቆዳው እስኪገጥም ይቆይ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት ክብር ያስተማረ ስለ ሆነ እምነትና ሕክምና የሚጣሉ አይደሉም።

ስግደት ከልብ የሚቀርብ አምልኮ ነው፤ ነገር ግን ራስ ወደ መሬት ሲደፋ ደም ወደ ፊት ስለሚወርድ በአፍንጫ ላይ ነስር ሊያስነሣ ይችላል። ሕክምናው በዐቢይ ጾም ወይም በሰሞነ ሕማማት ላይ የዋለ እንደ ሆነ ታካሚው ከነፍስ አባቱ ጋር ይመካከር፤ ቆሞ ወይም ተቀምጦ መጸለይ አለና። ኪኒንን ደግሞ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ» በማለት ሰዓቱን ማሳለፍ መድኃኒቱን ያደክመዋል። በሥጋ ሕመም የተያዘ ሰው ለጾም እንደማይገደድ በፍትሐ ነገሥት የታወቀ ነው። በጾም ወራት የሚቆይም ቢሆን ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ለተጎዳ ሥጋ መጠገኛ ይሆናሉ፤ ዋናው ነገር አለመራብ ነው።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም የሚሄዱባቸው ምልክቶች

1ኛ) ከቀን ወደ ቀን በመቀነስ ፈንታ የሚጨምር ሕመም፤ ይልቁንም ከሁለቱ ጆሮ በአንዱ ላይ ብቻ በድንገት ቢበረታ ከቆዳው በታች ደም ረግቷል ማለት ሊሆን ይችላል።
2ኛ) አፍንጫ በሁለቱም በኩል ተደፍኖ የሚጠዘጥዝ ከሆነ፤ ይህም በመካከለኛው ግድግዳ ላይ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ሌሊት ሳይታደር መታየት አለበት።
3ኛ) የማይቆም ነስር። እስኪደርሱ ድረስ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ራስን በጥቂቱ ወደ ፊት ማዘንበል፣ ደሙን አለመዋጥ ይገባል፤ ወደ ኋላ መጋደም አይገባም።
4ኛ) ትኩሳት፣ መግል፣ መጥፎ ሽታ ወይም እየሰፋ የሚሄድ መቅላትና ግለት።
5ኛ) መንጋጋ መቆለፍ ወይም አንገት መገተር።

መንገዱ ለራቀ ሰው አንድ ምክር እንጨምር። የስማዳ ቆላ ሰው በቀዶ ሕክምናው ማግሥት በአውቶቡስ እየተንገላታ ከሚመለስ፣ በከተማ ካለ ዘመድ ዘንድ ጥቂት ቀን ቢያርፍ ይሻለዋል። ከመውጣቱም በፊት ስፌቱ የሚወጣበትን ቀን፣ የመድኃኒቱን ሰዓትና የሐኪም ቤቱን ስልክ በወረቀት ያስጽፍ። መንገድ ቢዘጋ እንኳ የቁስሉን ፎቶግራፍ በስልክ ልኮ ምክር መጠየቅ ይቻላል። ወረቀቱን ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች የተማረው ልጅ በየማታው ያንብብላቸው፤ ትምህርቱ ለቤቱ የሚጠቅምበት አንዱ ሰዓት ይህ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ታካሚ ሲመለስ አባት ከከባድ ሥራ ያሳርፈው፣ እናት ንጹሕ ውኃና ንጹሕ ጨርቅ ታዘጋጅለት፣ ወንድምና እኅት ስለ መልኩ አያፊዙበት፣ እርሱም የሚሰማውን ሕመም ሁሉ ሳያፍር ይናገር። ልዑል እግዚአብሔር የታመሙትን ይማርልን፣ አስታማሚዎችንም ያበርታልን።